የበላቸው ስድስት ዓመት

ውድ በላቸው፣

የመቃብርህን ድንጋይ የሚጠርበው ሰውዬ ዛሬ ጠዋት ቤት ድረስ መጥቶ፣ «እትዬ፣ የሟች ልደት ስንት ተብሎ ይጻፍ?» አለኝ። ልጅህ ጽናት መታወቂያህን አውጥታ «1957» አለችው። እኔ ግን «ቆይ፣ ነገ ተመለስ» ብዬ ሸኘሁት። ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

ታስታውሳለህ አይደል? ኮምቦልቻ ፋብሪካ ልትቀጠር የአጎቴ ልጅ ብሩ እዚሁ ሳሎናችን ተቀምጦ ቅጽ ሲሞላልህ «መቼ ተወለድክ?» አለህ። «ሃምሳ አንድ» አልክ። እኔ ከጓዳ ዘልዬ ወጣሁና «ስድስት ዓመት ቀንስለት! ጡረታው ይራቅለት» አልኩ። አንተ ሳቅህ።

«አንቺ፣ ዕድሜ የእግዜር ነው፤ በእስክሪብቶ ይቀነሳል እንዴ?»

«ዝም በል አቦ! ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።»

ብሩም ጻፈ። ብልጠት መስሎኝ እኮ ነው።

ከዚያ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሐረጎን ዳገት በሰርቪስ ወረድክ፣ ወጣህ። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ፤ ሌላ አገር አላየህም። የዓመት ፈቃድህን እንኳ ለአጥር፣ ለጣራ፣ ለእናቴ ማስታመሚያ አዋልኩብህ። አንተ ግን «ግዴለም፣ ጡረታ ስወጣ አርባ ምንጭ ወስጄ አዞ አሳይሻለሁ። እሱ ራሱ አንቺን ሲያይ ይሸሻል» እያልክ ትቀልድብኝ ነበር።

እውነተኛው ስልሳህ የሞላው በ2011 ነው። ያኔ ከፒያሳ እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት እህል ተሸክመህ ትወጣው ነበር። መንገዱም ሰላም ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ብሩ ባይቀንስብኝ ይሄኔ አርባ ምንጭ ነበርን» አልክ። ብሩን አልክ እንጂ እኔን አላልክም። ወይ ነዶ! ምነው ያኔ በሰደብከኝ። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያ ልብህ ደከመ።

ባለፈው ሰኔ ፋብሪካው ሲሸኝህ ጓደኞችህ ሻንጣ ሸለሙህ። «ክረምቱ ይውጣ» ተባባልን። በጥቅምት ለአርባ ምንጭ ተሳፈርን። ጸጉርህን እንደ ተማሪ አበጥረህ በመስኮት በኩል ተቀመጥክ። ሐረጎን ስንወርድ ላብ አጠመቀህ፣ ትንፋሽ አጠረህ። ኮምቦልቻ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ። ከነሻንጣችን መንገድ ዳር ተቀመጥን፤ ፋብሪካው ፊት ለፊታችን ነበር።

«አየሽ አትጠገብ፣ እግሬ ሥራ የምሄድ መስሎታል» አልክ።

ሳቅሁልህ። ያኔ «ይቅር በለኝ» ማለት ነበረብኝ፤ ይልቅ «ውሃ ልግዛልህ?» አልኩህ። በሦስተኛው ቀን ጥለኸኝ ሄድክ። ለቀስተኛው «ምነው፣ ገና በስልሳ ዓመቱ!» እያለ ሲያነባልህ እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርኩ።

ዛሬ ከሰዓት ግን ጽናትን አስቀምጬ ሁሉን ነገርኳት።

«እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን በሃምሳ ሰባት ተወለደ ስንል ኖረን አሁን ድንጋይ ላይ ሌላ ቢጻፍ ሰው ምን ይላል?»

«አትጠገብ ቀነሰችበት ይበላ! እውነት ነው።»

«አባዬ በዚህ ተቀይሞሽ ያውቃል?» አለችኝ። «አንድም ቀን» አልኳት። ይሄኔ እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

ነገ ሰውየው ሲመጣ 1951 ብሎ ይጽፋል። ስድስቱን ዓመት መለስኩልህ በሌ። ከድንጋይ በቀር የምመልስበት ቦታ አጣሁ። ሻንጣው አልጋችን ሥር ነው፤ ሸሚዝህን ከውስጡ አላወጣሁትም።

ይቅርታህን ሳትለምን የቀረች ሚስትህ፣
አትጠገብ