ላሞች የጋጡት አኻያ

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ
ከገላን ኮንዶሚኒየም ባጃጅ ጠፋ። በእግሬ መጣሁ። ቀኑን ሙሉ የችግኞች ልኬት። ቦታው ድሮ ረግረግ ነበር፤ ጥቁሩን አፈር ለአበባ እርሻ ቆፍረው ወሰዱትና ጎድጓዳው ቀረ። የእኔ ሥራ እዚህ የሚበረታ፣ ቶሎ የሚያድግ የአኻያ ዛፍ መምረጥ ነው፤ ለዳቦ ቤቶች ማገዶ። ከሞከርኳቸው ሁለት ዘር ቀርተውኛል። ከሐይቅ ዳር የመጣው ቁመቴን አልፏል። ከአቃቂ ወንዝ ዳር የቆረጥኩት ወገቤ ላይ ቀርቷል። አለቃዬ ደረጀ የሐይቁ ተመርጦ ነገሩ ያለቀ መስሎታል። ለእኔም።

መጋቢት 5፣ ጠዋት
ጉድ! ሌሊት አጥሩ ተጥሶ ላሞች ገብተዋል። ከሁለቱም ዘር የዳሩን ረድፍ ግጠው ጉቶ አስቀርተውታል። የጎረቤታችን የጋሽ ቶላ ላሞች ናቸው። መሬቱ በፊት የአባታቸው የከብት ግጦሽ ነበር። ልጮህባቸው ሄድኩ።
«ላም አጥር አታውቅም፣ ልጄ። እኔ ግን አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉኝ።
ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ከሰዓት አጥሩን አብረን ጠገንን።

መጋቢት 23
ማስታወሻዬ፣ ይህን አልጠበቅኩም። የተጋጡት የወንዙ ጉቶዎች አቆጠቆጡ፤ ካንዱ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ። የሐይቁ ጠቁሮ ደርቋል። ማገዶ እኮ እየተቆረጠ የሚበቅል ነው። አንዴ ተቆርጦ የሚሞት ምን ያደርግልኛል?
ለደረጀ ነገርኩት። ላም የበላችው ሙከራ አይባልም አለ። እውነቱን ነው፣ ጥቂት ጉቶ ነው። እንግዲያው ሁሉንም ቆርጠን እንየው አልኩት። ሳቀ። በሚቀጥለው ወር ሥራውን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች አሉ፤ ረጅሙን ሊያሳይ ነው።

መጋቢት 24
እንደገና ደረጀ ጽ/ቤት ገባሁ።
«እንግዶች ጉቶ ሊያዩ ነው የሚመጡት?»
«ይዩ። ሜዳውን ሁሉ ተክለን ከሚደርቅብን አሁን ይድረቅ።»
«በአንቺ ኃላፊነት» አለኝ።
ጋሽ ቶላ መጋዝ ይዘው መጡ። ላሞቼ የጀመሩትን እኔ ልጨርሰው አሉ። ሳቅሁ። የሐይቁ ዘር ጋ ስንደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። በጋውን ሙሉ በጀሪካን ውሃ ያመላለስኩላቸው ናቸው። ቆረጥኩ።

ሚያዝያ 14
ዝናቡ ደግ ነው። የወንዙ ሁሉም ተነስቷል ማለት ይቻላል። የሐይቁ አብዛኛው ሞቷል። እንቅልፍ ያሳጣኝ ነገር ለየለት። የተሰማኝ ደስታም ሐዘንም አይደለም፤ ድካም ብቻ።
እንግዶቹ መጡ። ደረጀ ጉቶዎቹ መሃል ቆሞ፣ እኛ የምንፈልገው ተቆርጦ የሚነሳውን ነው እያለ አስረዳ። የራሱ ሐሳብ አስመሰለው። ይሁን። ጋሽ ቶላ አጥሩ ማዶ ሆነው በዓይን ጠቀሱኝ።

ሚያዝያ 17
ወሰንኩ። ለክረምት የሚተከለው የወንዙ ዘር ነው። ከሐይቁ ዘር ያቆጠቆጡትን ጥቂቶች ግን አልነቅልም። ደረጀ ቦታ ይይዛሉ ይላል። ይያዙ። የሚረዝምም፣ ተቆርጦም የሚነሳ አኻያ ካለ እነሱ ውስጥ ነው ያለው። ሰኞ ከነሱ ቀንበጥ ወስጄ ለብቻው እተክላለሁ።