ከዳለቻ ጣሪያ የሚጮህ ጠፋ

ሰይዶዬ፣ አሰላሙ አለይኩም። ከተለየኸን ወዲህ የጨፋ ማሽላ ሁለት ጊዜ ታጨደ። አንተ እንዴት እንዳለህ አልጠይቅህም፤ እሱን ለአላህ ሰጥቼ ነው የማድረው። አንተ ግን ምን እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ይህች ደብዳቤ ብትደርስህ ገና ሰላምታውን ሳትጨርስ «ቡድኑስ?» ትለኛለህ። የእኔ ወገብ፣ የልጆቹ ነገር፣ የቤቱ ጣሪያ ሁሉ ከቡድኑ በኋላ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ትንሽ ላስጠብቅህ ነው። እኔ እሑድ በመጣ ቁጥር እራት አቅርቤ ስጠብቅህ ኖሬያለሁና፣ አንተም አንድ ጊዜ ብትጠብቅ አትሞትም ልልህ ነበር፤ እሱንም ቀድመኸኛል።

ነጃት ትምህርቷን ጨርሳ ሰንበቴ ከተማ መምህርት ሆና ተመደበች። ቁጣህን ወርሳለች፤ ተማሪዎቿን በዓይኗ ብቻ ቁጭ ታደርጋቸዋለች አሉ። ከድር ባጃጅ ይነዳል። አዎ፣ ባጃጅ! ሦስት እግር ያለው ነገር በርጩማ ብቻ ነው ስትለው የነበረውን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። አሁን ከተማችን ከሚሴ ባጃጅ በባጃጅ ሆናለች፤ ገበያ ለመሄድ መንገድ የምሻገረው ቢስሚላህ ብዬ ነው። አጥሩ ጥግ የተከልካት ፓፓያ አፈራች፤ ፍሬዋን የምትጥለው ግን ጎረቤት ግቢ ውስጥ ነው። እሷም እንዳንተ ከቤት ውጭ ለጋስ ናት።

ዳለቻ ግን እንደቆመች ናት። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው በሬ እንዳይመስለው እንጂ አንተማ ታውቃታለህ፤ እንደ ከብት በቀለሟ ስም ያወጣህላት የጭነት መኪናህ። ዶሮዎቹ ጋቢናዋ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ። ሊገዙ የመጡትን ሁሉ አትሸጥም ብዬ መለስኳቸው። ከድር ሞተሯን ላስነሳት እያለ ቢለምነኝም ቁልፉን ከብብቴ አላወጣሁም። ፎጣህ መሪው ላይ እንደጣልካት አለች። ያችን ፎጣ የሚያነሳ እጅ ማየት አልፈለግሁም፤ እውነቱ ይኸው ነው።

እሺ፣ አሁን ቡድኑ።

ቦርከና ኮከብ ተሸነፈ። ቀጥሎም ተሸነፈ። በሜዳችን ተሸነፍን፣ ሐርቡ ሄደን ተሸነፍን፣ አንድ ጊዜ ተጋጣሚያችን መኪና ተበላሽቶበት ሳይመጣ ቀረና እፎይ ያልን ጊዜ እንኳ ጨዋታው ተላለፈና በኋላ ተሸነፍን። ጎሉ ሁሉ የሚገባብን በግራ በኩል ነው። ግራ የሚጫወቱትን ልጆች አንድ በአንድ ቀያየሯቸው፤ ምንም ለውጥ የለም። ያኔ የከተማው ሰው ዓይኑን ከልጆቹ ላይ አንስቶ አሰልጣኙ ላይ ጣለ። አሰልጣኙ ደግሞ አመዴ ነው፤ የእናቴ ልጅ፣ ያንተ የዕድሜ ልክ ጠላትህና ወዳጅህ።

ትዝ ይልሃል? አንተ ከሌላው ደጋፊ ጋር ቆመህ አታውቅም። ዳለቻን ሜዳው ጥግ አቁመህ ጋቢናዋ ጣሪያ ላይ ትወጣለህ። «አመዴ! ግራው ተከፈተ! ተኝተሃል?» ስትል እኔ ቤት ሆኜ ልብስ እያሰጣሁ እሰማህ ነበር። እሱ ዞር ብሎ ጡጫውን ያሳይሃል። ጨዋታው ሲያልቅ ብናሸንፍም ብንሸነፍም «ሃ ባሁ! ይውጣልን ይህ ሰውዬ!» ብለህ ትወርድና፣ ያንኑ ይውጣ ያልከውን ሰው ጋቢና አስገብተህ ለእራት ታመጣዋለህ። ከአንድ ሳህን ትበላላችሁ። ሻይ ሲቀርብ ጠቡ እንደገና ይጀመራል። ብርጭቆዎቼ ተጫዋች ይሆናሉ፣ የስኳሩ ጣሳ በረኛ ይሆናል። እኔ ሙሉ ደርዘን ብርጭቆ ኖሮኝ አያውቅም፤ የተሰበሩብኝ ሁሉ ተከላካዮች ናቸው።

እናልህ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ሃ ባሁ» ተባለ፣ አመዴ ይውጣ የሚለው። ሌላው «ሃ ቱሩ» ተባለ፣ ይቆይ የሚለው። ፀጉር ቆራጩ ክርክር ይዞ የደንበኛውን ግማሽ ጭንቅላት ላጭቶ ግማሹን ረስቶት ሄደ። ሰንበቴ ገበያ ላይ ደላላው የሻጭና የገዢን እጅ አጨባብጦ በሬ ሊያሻሽጥ ሲል፣ ሻጩ ቆይ እስቲ፣ ሰውዬው ባሁ ነው ወይስ ቱሩ ብሎ እጁን ነጠቀ አሉ። የባጃጆቹን ነገር ተወው፤ ከድር ለአጎቱ ስለሚያደላ ሃ ባሁዎች ባጃጁ ውስጥ አይገቡም። ነጃት ደግሞ ሃ ባሁ ሆና አረፈችው! ቅዳሜ ስትመጣ ወንድምና እህት ጀርባ ሰጥተው ይበላሉ፤ እኔ መሃል ቁጭ ብዬ ወጥ እጨምራለሁ።

የሚገርመው ግን ሁለቱም ወገን ምስክር አድርገው የሚጠሩት አንተን ነው። ሃ ባሁዎች «ሰይድ በሕይወት እያለ በየእሑዱ ይውጣ ሲል አልነበር?» ይላሉ። ሃ ቱሩዎች ደግሞ ያንን የኮምቦልቻ ሰው ያነሳሉ። ጋቢና ጭነኸው ስትመጣ፣ አሰልጣኛችሁ ምንም አያውቅም ስላለህ፣ ሐርቡ ላይ ከነሻንጣው ያወረድከውን። አንተ በየሳምንቱ የምትለውን ነበር እኮ ያለው! «እኔ ልበለው፣ አንተ ምን አገባህ?» አልከው አሉ።

አመዴ እየከሳ ሄደ። እሑድ እራት መምጣት ተወ፤ ሳህን ሸፍኜ ብልክለት እንኳ እንደተሸፈነ ይመለሳል። አሰልጣኝነቱ ደመወዝ የሚያወጣ ሥራ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ኳስ ነው። ቢነጠቅ ምን ይውጠዋል?

በመጨረሻ ጋሽ ተፈራ ሰዉን ሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ስር ሰበሰበው። ያ ሳይጾም አብሮህ ያፈጥር የነበረው ወዳጅህ፣ አሁን የደጋፊዎች ሊቀመንበር ነው፤ የዳኛ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው ስብሰባ የሚመራው። የሰይድን ቃል ሁሉም ስለሚጠቅስ የሰይድ ቤት ይጠየቅ ተብሎ እኔም ተጠራሁ። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምል አላውቅም። ይቆይ ብል እህቱ ስለሆነች ነው ይሉኛል። ይውጣ ብል የእናቴን ልጅ በገዛ አፌ ላዋርደው ነው። አንተንም በሌለህበት ቃልህን እንዳላጣምም ፈራሁ።

ሳልጠየቅ አመዴ ብድግ አለ። «አፉ በሉኝ» አለ። «ቁመቴን ታዩታላችሁ። መስመሩ ላይ ቆሜ የሚታየኝ የተጫዋች ጀርባ ብቻ ነው። ሜዳውን ከላይ የሚያየው ሰይድ ነበር። ሲሰድበኝ ስድቡን ትቼ ግራ ነው ወይስ ቀኝ የሚለውን ነበር የምሰማው። ጡጫዬን አሳየውና ያለውን አደርጋለሁ። አሁን የምትሰድቡኝ ግን ወላሂ ባዶ ስድብ ነው። ቀይሩኝ።»

መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። አመዴ ዓይኑን በመዳፉ ሲጠርግ ግን ሳቁ ቆመ። ሰይዶ፣ እኔም ያን ቀን ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ዓመት ጠብ የመሰለኝ ነገር ሥራ ነበር፤ ሁለት ሆናችሁ አንድ አሰልጣኝ ነበራችሁ። አፌ ሳላዝዘው ተከፈተ። «የጎደለው አሰልጣኝ አይደለም፣ የጎደለው ሰይድ ነው» አልኳቸው። «መጀመሪያ እሱን ተኩ። ከዚያ ወንድሜን ብታባርሩትም አልናገርም።»

«በምን ላይ ቆሞ ነው የሚጮኸው?» አለ አንዱ። እጄ ወደ ብብቴ ሄደ። ቁልፉ ሞቆ ነበር። ዳለቻ ትመጣለች አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ ከሳቅ ብዛት ከጣሪያ ትወድቅ ነበር። ሃ ባሁም ሃ ቱሩም ቀረና አዲስ ክርክር ተነሳ፤ የሰይድን ቦታ ማን ይውሰድ? ዋርካው ስር የጩኸት ውድድር ሆነ። ፀጉር ቆራጩ ጮኾ ድምፁ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። አንዱ ነጋዴ ድምፁ ጥሩ ሆኖ ግራና ቀኙን ለይቶ አያውቅም። የመስጊዱ ሙአዚን ይሁን ተብሎ ነበር፤ እሱ ግን «እኔ ሰው የምጠራው ለሶላት ነው እንጂ ለስድብ አይደለም» ብሎ ስቆ ሄደ። በመጨረሻ ሦስት ሰዎች ተመረጡ፤ አንዱን ቢመርጡ ሌላ ጠብ ሊነሳ ነው።

እሑድ ጠዋት ፎጣህን ራሴ አነሳኋት። ሌላ እጅ እንዳይነካት ብዬ ነው። ተንጠልጥላ ስታየኝ ከኖረችበት አውርጄ አንገቴ ላይ ጠመጠምኳት፤ አቧራህ ነበር የሸተተኝ። ትንሽ አለቀስኩ፤ ዶሮዎቹም አብረው ጮኹ፣ እነሱ ግን ለእንቁላላቸው ነው። ከድር ቁልፉን ቢያዞር ዳለቻ አኩርፋ እምቢ አለች። ከዚያ ሃ ባሁም ሃ ቱሩም አንድ ላይ ሆነው ከኋላ ገፏት። ነጃት ቀሚሷን ሰብስባ ከወንድሟ ባልደረቦች ጋር ስትገፋ አየኋት። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ሳል ሳል አለችና ተነሳች፤ መንደሩ እንደ ሠርግ እልል አለ።

የመጣው ቡድን ከባቲ ነበር። ሦስቱ ምርጦች ከጋቢናዋ በላይ ያለው ፖርቶመጋላ ላይ ወጡ። አንዱ ግራ ሲል ሌላው ቀኝ ይላል፣ ሦስተኛው ዳኛውን ይሰድባል። አመዴ አንገቱን እያዞረ ሊቀጭ ነው። ዕረፍት ሳይደርስ ጎል ገባብን፤ በየት በኩል እንደገባ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ።

ከዕረፍት በኋላ ጋቢና ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ውረዱ አልኳቸው። ከድር ከታች ደግፎ፣ ነጃት ከላይ ስባ፣ ከነወገቤ ወጣሁ። ሰይዶ፣ ያንተን ቦታ ያን ቀን ነው ያየሁት። ስንት ዓመት አብሬህ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ነይ ውጪና እዪ አላልከኝም፤ እሱን ስንገናኝ እንነጋገርበታለን። ሜዳው እንደ ገበታ ተዘርግቶ ሁሉም ነገር ይታያል። ከወዲያ የቦርከና ወንዝ ያበራል፣ የጨፋ ማሽላ ይታያል። እኛ በግራ በኩል ደግሞ ከብት ወጥቶ ያልተዘጋ በር ነው የምንመስለው።

«አመዴ!» አልኩ። «ግራው ተከፈተ! ተኝተሃል?»

ድምፄ ሐርቡ ይደርሳል እያልክ ስትቀልድብኝ አልነበር? ደረሰ። አመዴ ማን እንደሆነ ሳያይ ዞሮ ጡጫውን አሳየኝ። ከዚያ ጡጫው አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ቆሞ አየኝ፣ አንገቴ ላይ ያለችውን ፎጣ አየ። ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ወደ ሜዳው ተመለሰና አንዱን ልጅ ወደ ግራ ላከው። ግራው ተዘጋ። መጨረሻው ላይ በማዕዘን ምት አገባንና አቻ ወጣን። አቻ! የከሚሴ ሰው ዋንጫ እንደበላ ሆነ። እኔም ከመውረዴ በፊት ሥራህን አላጎደልኩም። «ሃ ባሁ! ይውጣልን ይህ ሰውዬ!» ብዬ ጨረስኩት። ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጋሽ ተፈራ ፊሽካውን ነፍቶ፣ አሰልጣኙን የመቀየሩ ጉዳይ ለሚቀጥለው ሽንፈት ተላልፏል አለ።

አሁን እሑድ እሑድ ከድር ዳለቻን ያወጣታል፣ እኔ ጣሪያዋ ላይ እወጣለሁ። አንዳንዴ እናሸንፋለን። ወገቤ እስከቻለ፣ ድምፄም እስካልተዘጋ ድረስ ቦታህ ባዶ አይሆንም፤ ሶላቴን ስጨርስ ዱዓ አደርግልሃለሁ፣ ሜዳ ስወጣ ደግሞ ወንድሜን እሰድብልሃለሁ። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይስጥህ።

ያን አቻ የወጣንበት ቀን ማታ አመዴ ለእራት መጣ። በላ፤ ጨምሮም በላ። ሻይ ሳቀርብ ብርጭቆዎቼን እንደ ድሮው ደረደራቸው፣ የስኳሩን ጣሳም በረኛ አደረገው። አንዷን ብርጭቆ ግን ይዞ ተነሳና ከፍ ብሎ ከተቀመጠው ሬዲዮ ላይ አስቀመጣት። «ይሄ ሰይድ ነው» አለ። ከሄደ በኋላ ሌሎቹን ሁሉ ሰብስቤ አጠብኩ፤ ያችን አላነሳኋትም። እንግዳ ሲመጣና ብርጭቆ ሲጎድል ልጆቹ ወደዚያ ያያሉ። እኔ ግን ተውት እላቸዋለሁ፤ አባታችሁ ከላይ ሆኖ ግራውን እያየልን ነው።

ያንተው ዘይነባ