ኮሪደር ላይ የወጣው ጠረጴዛ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፣

ያለህበት ድረስ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስህ። ለሕክምና ከሄድክ ይኸው ስድስተኛ ወሩ ነው። እኛ አንተን ከማጣት በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ሆስፒታልህ እንደተውከው ነው። ልብስ ማጠቢያው አሁንም በእኔ እጅ ነው። የጠዋቱን ጸሎት ዘበኛው ይመራዋል፤ ሲያስረዝመው ነርሶቹ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ባለፈው ሳምንት አንተን የተካው ወጣት ዳይሬክተር ቢሮህን ሊረከብ መጣ። እኔ አንሶላ ልቀይር ገብቼ ነበር። ጥግ ላይ ያለውን አልጋ አይቶ፣ "ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?" አለኝ።

"ክፍሎቹ ሲሞሉ በሽተኛ ይተኛበታል።"

"ታዲያ እሳቸው የት ይሠሩ ነበር?"

"ኮሪደር ላይ። ቤቱ የእግዜር ነው፣ በሽተኛ ከሚመለስ እኔ ልውጣ ይሉ ነበር" አልኩት።

አልጋውን ትቶ መሳቢያዎቹን መፈተሽ ጀመረ። ትናንት ግን አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጥታ አልጋ ሲጠፋ፣ ራሱ ከዘበኛው ጋር የቢሮህን ጠረጴዛ ተሸክሞ ኮሪደር አወጣው። አንሶላውን ሳነጥፍ፣ ይህን ባየህ ብዬ እንባዬ መጣ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ያጻፍካት ነርስ እጅ ጽሑፏ እንዴት ያምራል፣ አመስግንልኝ። እኔ ግን ዶሮ የጫረው የሚመስለውን ያንተን ጽሑፍ ለምጄዋለሁ። በሚቀጥለው ስምህን ብቻ እንኳ በራስህ እጅ ጻፍልኝ። ቢጣመምም ግድ የለም፣ አነበዋለሁ።

በደህና ያገናኘን።

ዓይኗ ከደጅ የማይነቀል
ታናሽ እህትህ