ሰባቱን አውርደው ስምንተኛውን የሰቀሉት ጋሽ መሰላል

በመሥሪያ ቤትም በሰፈርም «ጋሽ መሰላል» እየተባሉ ሲጠሩ የኖሩት የመንግሥት ንብረት ክፍል ባልደረባ፣ ከአባታቸው ከአናጺውና ከእናታቸው ከልብስ አጣቢዋ በመጀመሪያው ፎቶ ዘመን ተወለዱ። በዚህ ቤተሰብ ዘመን የሚቆጠረው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው መሪ ፎቶ ስለሆነ አድማጭ ይህን ከወዲሁ ልብ ይበልልን። ሲወለዱ የመጡት በእግራቸው ነበር። አዋላጇ ሕፃኑ በእግሩ ጣቶች የአልጋውን ብረት ጨብጦ ወደ ላይ ሊወጣ ሲታገል አይቻለሁ ብላ እስክትሞት ትምል ነበር። ያላመነ ለቀብሩ የታደለውን፣ በእጁ የያዘውን ወረቀት ሽፋን ይመልከት። እዚያ ላይ የሚታዩት ሁለት እግሮች የሟቹ ብቸኛ ፎቶ ናቸው። ፎቶ አንሺው የፈለገው ከፊት የቆሙትን ባለሥልጣናት ነበር፤ ከበስተኋላ መሰላል ላይ የነበሩት ጋሽ መሰላል ከጉልበታቸው በላይ አልገቡለትም።

ለትምህርት እንደደረሱ ትምህርት ቤት ገብተው ስድስተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ተምረዋል። ከስድስት በላይ ያለው ቁጥር ያን ጊዜም አስቸግሯቸው ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ሁለት መቶ አሥራ አራት ክፍል ባለው የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ መሰላል ያዥ ሆነው ተቀጠሩ። በየክፍሉ የመሪውን ፎቶ የሚሰቅለውና የሚያወርደው ሌላ ሰው ነበር፤ እሳቸው ከታች ሆነው መሰላሉን ይደግፋሉ። ዓመት ሳይሞላቸው የመጀመሪያው መሪ ወድቋል የሚል ወሬ ተሰማ። ሰቃዩ ቸኮለና አንድ ፎቶ ማክሰኞ ዕለት አወረደ። የመውደቁ ነገር በይፋ የተነገረው ረቡዕ ነው። ለዚያች ለአንዲት ቀን ሲባል ሁለት ሰዎች መጥተው በብብቱ ይዘው ወሰዱት፤ እስከ ዛሬ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። መዶሻው መሰላሉ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ጋሽ መሰላል ወጥተው መዶሻውን አነሱት። ዕድገታቸው ይህ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ትእዛዝ በጽሑፍ ሳይደርሳቸው ሚስማር ነክተው አያውቁም።

በሥራቸው አቻ አልነበራቸውም። ሚስማር በሦስት ምት ይመቱ ነበር፤ አራተኛውን የመቱ ዕለት ምሳ አይበሉም። ውሃ ልካቸውን ከደረት ኪሳቸው ለይተው አያውቁም። የተሰቀለውን ሰው ፊት ግን አይተው አያውቁም። «ስለ ፊት አትጠይቁኝ፤ የኔ ሥራ ክሩና ሚስማሩ ነው» ይሉ ነበር። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው እያለ መሪ በላያቸው ሲያልፍ እሳቸው ሁሉንም ቀጥ አድርገው ሰቀሉ፤ ሁሉንም ሳይሰብሩ አወረዱ። የወረዱት ፎቶዎች ኮሚቴ ባለበት ጓሮ ይቃጠላሉ፤ የወረደውንም ሰው ስም መጥራት ያስጠይቃል፤ ከመማሪያ መጽሐፍም ይፋቃል። ጋሽ መሰላል ግን ከየመሪው አንድ አንድ ፎቶ እያስቀሩ በካርቶን ጠቅልለው ፍራሻቸው ሥር አኖሩ። አገሩን ስንት ሰው እንደገዛው በትክክል የሚያውቅ ነገር ቢኖር ይህ ፍራሽ ነበር።

በሁለተኛው ፎቶ ዘመን ከልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው በሦስተኛው ዘመን አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ አድጋ ፎቶ ቤት ተቀጠረች፤ ሥራዋ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ማስተካከል ነው። በሃያ አራት ዓመቷ ለአባቷ ፍሬሞች መስታወት ከሚቆርጠው ሰው ጋር ተጫጨች። እናቷ ነጩን የሙሽራ ቀሚስ ሰፍታ ጨረሰች። ለሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ ሰፈሩ አንድ ሰባኪ መጣ።

ሰባኪው በሰፈሩ የቆርቆሮ አዳራሽ ግድግዳ ላይ አውሬ የተሳለበት ትልቅ ሸራ ዘርግቶ የመጨረሻውን ዘመን አስተማረ። ነገሥታቱ ሰባት ናቸው፤ አምስቱ ወድቀዋል፤ ስድስተኛው አሁን አለ፤ ሰባተኛው መጥቶ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ስምንተኛው ይነሳል፤ እሱም ከሰባቱ አንዱ የሆነው አውሬ ነው፤ ለአርባ ሁለት ወር ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ያበቃል። ጋሽ መሰላል ያን ጊዜ ሃምሳ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ግድግዳ ላይ የነበረውም ስድስተኛው ነበር። እጃቸውን አወጡ።

«አውሬው ሲመጣ ፎቶ ይኖረዋል?»

«ለምስሉ ይሰገድለታል ነው የሚባለው» አለ ሰባኪው።

«እንግዲያው የምሰቅለው እኔ ነኛ!»

ንብረት ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሲረሱ የኖሩ ሰው በዚያች ደቂቃ ራእይ ውስጥ ቦታ አገኙ። እዚያው ቆመው የልጃቸውን ሰርግ ሰረዙ። ዓለም ሊያልቅ ሲል ማግባትና መውለድ ወዮታ ነው አሉ። ልጅቱ ከኋላ ወንበር ተነስታ «አባዬ፣ ብትሳሳትስ?» አለቻቸው በሰው ፊት። እሳቸውም ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ማሉ፤ «ቁጥሬ በአንድ ከሳተ፣ በዚህች በገዛ እጄ እጅሽን ይዤ እድርሻለሁ።»

ስድስተኛው ግን አልወርድም አለ። አሥራ ሰባት ዓመት ተጨማሪ ቆየ። ባልና ሚስት በአንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተንበርክከው ሲጸልዩ፣ እሳቸው መሪው ቶሎ እንዲወርድ፣ ባለቤታቸው ደግሞ መሪው ጤና እንዲያገኝ ይለምኑ ነበር። የማን ጸሎት ቀድሞ እንደደረሰ ከሥልጣኑ ርዝመት መገመት ይቻላል። ጣሪያው ሲያፈስ አልተጠገነም፤ ለማን ተብሎ! የባለቤታቸው ዓይን ሞራ ሲጋርደው ሐኪም ቤት አልተወሰዱም፤ «በመንግሥተ ሰማያት ታያለሽ» ተባሉ። ልብስ ሰፊዋ ክር በምላሳቸው እየፈለጉ፣ ጨርቅ በጣታቸው እያዩ መስፋት ለመዱ። የሙሽራዋን ቀሚስ ሦስት ጊዜ ከወገቡ አሰፉት፤ ልጅቱ ሰርጓን እየጠበቀች ትወፍር ነበርና። መስታወት ቆራጩም በየእሑዱ እየመጣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ጋሽ መሰላል ባዩት ቁጥር «ገና ነህ?» ይሉታል። እሱም «ገና ነኝ ጋሼ» ይላል። ይህ ብቻ ነበር ጨዋታቸው። ከፍራሹ ሥር ካሉት በቀር ቤት ውስጥ ምስል እንዳይገባ ስለተከለከለ ፎቶ ቤት የምትሠራ ልጅ የአባቷን ፊት አንድም ቀን ማንሳት አልቻለችም።

በመጨረሻ ስድስተኛው ሞተ። ሰባተኛው መጣ፤ ቀድሞ እንደተነገረውም ጥቂት ቆየ። ጋሽ መሰላል ፎቶውን እየሰቀሉ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ክፍል እንደደረሱ አውርዱት የሚል ትእዛዝ ደረሰ። የቆየው አርባ ቀን ነው። ያን መሪ ሳያዩት የቀሩ ሁለት ክፍሎች እስከ ዛሬ አሉ። ከዚያ ስምንተኛው መጣ፤ ራሰ በራ፣ ጢሙን የተላጨ፣ ፈገግ ያለ ሽማግሌ። በዚያው ሰሞን ጡረታ የወጡት ጋሽ መሰላል ለምነው፣ አስለምነው ለዚህች ሥራ ብቻ ተመለሱ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ «ጋሽ መሰላል፣ አውሬው ነው ካሉ ለምን ይሰቅሉታል?» ብሎ ቀለደባቸው።

«ካልሰቀልኩት እንዴት ይመጣል?» አሉት። ውሃ ልካቸውን አውጥተው ፍሬሙን በትንሽ ጣታቸው ገፋ አደረጉና «አውሬም ቢሆን ጠምሞ አይሰቀልም» ብለው ወረዱ።

ልጅቱ ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። ጉርድ ፎቶ ሲነሳ ሁለቱም ጆሮ መታየት አለበትና ዕድሜዋን ሙሉ ስታይ የኖረችው የሰው ጆሮ ነው። ፊት ያረጃል፣ ጢም ይላጫል፤ ጆሮ ግን ያው ነው። የስምንተኛው ግራ ጆሮ ከላይ በኩል አይጥ እንደነከሰችው ተቆርሷል። ይህን ጆሮ ታውቀዋለች። ፍራሽ ስታነጥፍ አይታዋለች። አንድ እሑድ ከፍራሹ ሥር የሦስተኛውን ፎቶ አወጣች፤ ባለ ወፍራም ጢም፣ ባለ ቆብ ወታደር፤ እሷ በተወለደች ሰሞን ተገልብጦ የሸሸው። ከሥራዋ ደብቃ ካመጣችው የስምንተኛው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ፊታቸውን በወረቀት ሸፈነች፤ ጆሮ ብቻ ቀረ። እናቷ መቀስ በእጃቸው ይዘው፣ መስታወት ቆራጩ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

«አባዬ፣ እይልኝ። የስንት ሰው ጆሮ ነው?»

ጋሽ መሰላል በልካቸው የማይዋሹ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰቀሉትን ሰው አካል አዩ። «የአንድ ሰው ነው» አሉ።

ወረቀቱን አነሳችው። «ሦስተኛውና ስምንተኛው አንድ ሰው ነው። ተመልሶ መጥቶ ነው። ሰባት ሰው ነው የሰቀልከው አባዬ፤ ስምንተኛ የሚባል የለም። ቁጥርህ በአንድ ስቷል። ምለሃል፤ እጅህን ስጠኝ።»

ባለቤታቸው መቀሱን አስቀመጡ። ጋሽ መሰላል መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ እንባቸው ወረደ፤ ልጃቸው የተሸነፉ መስሏት እጇን ዘረጋች። እሳቸው ግን ግንባሯን ስመው ጮኹ፤

«ነበረ፣ ጠፋ፣ ደግሞ መጣ! ስምንተኛው ከሰባቱ አንዱ ነው ተብሎ የለም እንዴ! ሰባኪው ያን ጊዜ ይህን ሲለን ማን ገባው? ልጄ፣ ምስክሩን አገኘሽልኝ!»

በሕይወታቸው ልጃቸውን የሳሙት ያን ቀን ብቻ ነው። በሩ አጠገብ ዱብ የሚል ድምፅ ተሰማ። መስታወት ቆራጩ በጉልበቱ ወድቋል።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል? ተነስ እንጂ!» አለችው።

«እውነት ነው» አለ። «ጆሮውን እኔም አየሁት። በእንዲህ ያለ ዘመን ስለ ሰርግ ማሰብ ኃጢአት ነው እህቴ።»

አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቃት ሰው እህቴ አላት። እሷም ወረቀቶቿን ሰብስባ ሥራዋ ሄደች።

አርባ ሁለቱ ወር በጉጉት አለፈ። የመጨረሻው ሳምንት ሲደርስ ጋሽ መሰላል ጌታቸውን የሚቀበሉበት ነጭ ልብስ አማራቸው። ቤት ውስጥ የነበረው ነጭ ልብስ አንድ ብቻ ነው። የማያዩት ባለቤታቸው በመዳሰስ የልጃቸውን የሙሽራ ቀሚስ ተርትረው፣ ትከሻውን አስፍተው፣ ለባላቸው ልክ አደረጉት፤ ልጅቱ መብራቱን ያዘችላቸው። በቀኑ ጠዋት ጋሽ መሰላል ቀሚሱን ለብሰው ግቢው መካከል በቆመው መሰላል ጫፍ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ከታች መሰላሉን የያዘው መስታወት ቆራጩ ነው። ሰፈሩ በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ ዋለ። ከቀትር በኋላ የመጣው ዝናብ ብቻ ነው። እስኪመሽ አልወረዱም። «ትንሽ ዘግይቶ ነው» አሉ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።

የሳንባ ምች አልጋ ላይ ጣላቸው። በተኙ በስምንተኛው ቀን ሕንፃው ውስጥ አንድ ወጣት ሠራተኛ ያለ መሰላል፣ ወንበር ላይ ቆሞ፣ በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ክፍል በግማሽ ቀን ጨረሰ። ቤተሰቡ ለሕመምተኛው እንዳይነገር ተስማማ። ልጃቸው አልተስማማችም። በማግሥቱ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ ትራሳቸው አጠገብ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ዘጠነኛው ተሰቀለ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «ጆሮውስ?» አሉ።

«ሙሉ ነው። አዲስ ሰው ነው። እጅህን ስጠኝ።»

ጋሽ መሰላል ልጃቸውን ትክ ብለው አዩአት። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱና በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። እጃቸውን ማንም ሊያወጣው ስላልቻለ እንደተሸሸገ ተገንዟል። የለበሱትም ያንኑ ቀሚስ ነው።

ከኋላቸው የተረፉት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዓይናቸውን ለመታከም ቀጠሮ የያዙት ባለቤታቸውና የአርባ አምስት ዓመቷ ልጃቸው ናቸው። መስታወት ቆራጩ ትናንት ፀጉሩን ተቆርጦ፣ አዲስ ጫማ አድርጎ ወደ ለቅሶው ቤት መጥቶ ነበር። በሰው መካከል አልፎ ከልጅቱ ፊት ቆመና «እንግዲህ ቁጥሩ ስቷል፤ የሚከለክለን የለም» አላት። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን መስላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ገና ነህ?» አለችው።

«ገና ነኝ» አለ።

«አሥረኛው ይምጣና እናያለን።»

የሰማይና የምድር ጌታ፣ የማይወርድና የማይተካ ንጉሥ፣ የጋሽ መሰላልን ነፍስ ሚስማርና ግድግዳ ወደሌለበት፣ ማንም ማንንም ወደማይቆጥርበት ስፍራ ይውሰድልን። እጃቸውንም እዚያ ያውጡልን። አሜን።