ከሾርባው ጀምሮ ነው

ልጄ ሉበና፣ አላህ ዙሪክ ላይ ክፉ አያሳይሽ፣ እጅሽን የሰው መዳኛ ያድርገው። ካሩዥ ሰፈር የምትኖረው ነስሪን ሰላም ብላሻለች፤ የላክሽልኝ ካፖርትም ልኬ ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ባለፈው እሑድ፣ በምሠራበት ቤት እንግዶች ለምሳ ተጠርተው ነበር። ሾርባው እንደቀረበ የአሠሪዬ የማዳም ባለቤት አፋቸው ተጣመመ፤ ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ፤ ለሃጫቸው ደረታቸው ላይ ወረደ። ማዳምን አምቡላንስ ልጥራ ብላት፣ «ደክሞት ነው፤ አስተኚው። እንግዶቹ ሳይሄዱ ማንም እንዳይጠራ» አለችኝ። ሃምሳ ደቂቃ እየተሳሳቁ በሉ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ነው አምቡላንስ የተጠራው። ሆስፒታል በብሽሽታቸው ቀጭን ቱቦ አስገብተው የረጋውን ደም ከጭንቅላታቸው ሳቡላቸው። ቀኝ እጃቸው ግን እስካሁን አልተንቀሳቀሰም። አንቺ የምትሠሪበት የስትሮክ ጥናት ሰዎች መጥተው መቼ እንደጀመራቸው ሲጠይቁ፣ ማዳም ዓይኗን በጨው አጥባ «አምቡላንሱን ልንጠራ ስንል ነው የጀመረው» አለች። እንደዚያው ጻፉት። እኔ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ።

ልጄ፣ ሰዓቱን አሳርሚልኝ። ማን አየ ካሉሽ እናቴ በያቸው። ምን ስታደርግ ነበር ካሉሽም አትደብቂልኝ፤ ሥጋውን ለእንግዶቹ ስታቀርብ ነበር በያቸው።

አላህ አፍሽን እንደኔ አያስረው።

እናትሽ ሀጅራ፣ ከጄኔቭ