ለአባቴ የተሰጠውን የሌብነት ማዕረግ ስለመመለስ

ለተከበሩ የምግብና ትርኢት አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደ መድረክዎ የደመቀ፣ እንቅልፍዎም እንደ ድምፅ ማጉያዎ መቋረጥ የማያውቅ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከብዙ ሥራዎ ላይ ጥቂት ጊዜ ስለምሻማዎ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ልብስ በመስፋት የምተዳደር ሴት ስሆን፣ ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከአባቴና ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአዳራሽዎ ምሳ በልተናል። በመግቢያው ላይ «ሆድዎን እንሞላለን፣ ትዝታዎን እንሠራለን» የሚል ጽሑፍ አንብበን ነበር። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈውም አዳራሽዎ ቃሉን ማክበሩን ሕዝብ እንዲያውቅልኝ ነው፤ ትዝታው በእርግጥ ተሠርቷል።

ነገሩ እንዲገባዎ ስለ ቤተሰቤ ጥቂት መናገር ይኖርብኛል። አባቴ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመጋዘን ኃላፊ ነበር። እኛ ልጆች ሳለን ከመጋዘኑ ጣቃ ጨርቅ ጠፋ፤ ቁልፉ በእሱ እጅ ነበርና ሠራተኛው ሁሉ በግቢው ተሰብስቦ እያየ ኪሱን ፈትሸው አሰናበቱት። ጨርቁን የወሰደው ሌላ ሰው መሆኑ ከዓመታት በኋላ ታወቀ። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ሰው ለማዋረድ እንጂ ለመካስ ስብሰባ የመጥራት ልማድ ስላልነበረው፣ ያዋረዱት በአደባባይ፣ ነጻ ያወጡት ደግሞ በሹክሹክታ ሆነ።

ወንድሜ በዚያን ጊዜ ጎረምሳ ነበር። በትምህርት ቤት «የጣቃው ልጅ» የሚል ቅጽል ወጥቶለት ከዕለት ወደ ዕለት ሲበግን ቆይቶ፣ አንድ ቀን በገበታ ላይ አባታችንን «ወስደህ ከሆነ ወስጃለሁ በል፤ ቢያንስ እንወቀው» አለው። አባቴ ተነሥቶ እጁን ታጠበ። ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ከቤት ወጥቶ የከባድ መኪና ሾፌር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚተያዩት በሰው ሠርግና በሰው ለቅሶ ላይ ብቻ ነበር፤ ሰላምታቸውም የማይተዋወቁ ሰዎች ደጃፍ ላይ ሲገጣጠሙ እንደሚለዋወጡት ያለ ነበር።

ዘንድሮ ወንድሜ ደወለልኝና «አባዬን ምሳ ልጋብዘው እፈልጋለሁ፤ የምለው አለኝ» አለኝ። ቤት እናድርገው ብዬ ብጠይቀው፣ «ቤት አልችልም፤ ጸጥታው ያንቀኛል። ሙዚቃ ያለበት ይሁን፤ ቃል ሲጠፋኝ ይሸፍንልኛል» ብሎ የእርስዎን አዳራሽ መረጠ። እንዳለውም ሆነ፤ ቃል ቢጠፋው ማንም አያውቅበትም ነበር። ቅሬታዬ፣ ቅሬታ ማለት ድፍረት ካልሆነብኝ፣ ቃሉ በተገኘ ጊዜም ማንም አለመስማቱ ላይ ነው። ዝርዝሩን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ብርሃኑ። ከጠራራ ፀሐይ ገብተን፣ መጋረጃው ሁሉ ተዘግቶ፣ በድቅድቅ ጨለማ ተቀበላችሁን። አባቴ ዓይኑ ደክሟልና ወንበሩን በዳበሳ ሲፈልግ ወንድሜ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከተነካኩ ዘመን አልፏቸው ነበር። ስለዚህ ይህኛው ከቅሬታ ይቆጠር ወይስ ከምስጋና የሚለውን ለእርስዎ ፍርድ ትቻለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ድምፁ። ወንድሜ ሹካውን አስቀምጦ «አባዬ፣ ያኔ ልጅ ሆኜ» ብሎ ሲጀምር ከበሮው ተመታ። ከበሮው ሲያበቃ እንደገና ቢጀምር፣ የተከበሩት የመድረክ መሪ በየጠረጴዛው እየዞሩ ጭብጨባችን ለምን እንደ ቀዘቀዘ ጠየቁን፤ አጨበጨብን። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር አንድ እሳት የሚተፋ ወጣት ከጠረጴዛችን አጠገብ ቆመ፤ ወጣቱ እሳቱን ሲተፋ ወንድሜ ቃሉን ዋጠ። አባቴ ጆሮውን አዘንብሎ «ምን አልከኝ?» ቢለው፣ «ዓሣው ጥሩ ነው ወይ ነው ያልኩህ» አለው። አባቴም ጥሩ ነው አለ። አባቴ ጨዋ ሰው ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ ዋናው ትርኢት። በአጠገባችን የተቀመጡ አንዲት የደመቀ ልብስ የለበሱ ሴት የአንገት ሐብላቸው እንደ ጠፋ በጩኸት ሲያስታውቁ እኔም እንደ ሞኝ ደንግጬ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብዬ ፈለግሁላቸው። በኋላ እንደተረዳሁት ተዋናይት ነበሩ። ወዲያው ረጅም ካፖርት የለበሱና አጉሊ መነጽር የያዙ መርማሪ ብቅ አሉ። የመድረኩ መብራት አዳራሹን ሲዞር ቆየና አባቴ ላይ አረፈ። ከዚያ ሁሉ እንግዳ መካከል ለምን እሱ እንደ ተመረጠ ኋላ አስተናጋጅዋን ብጠይቃት፣ «ፊታቸው የዋህ ስለሆነ ነው፤ የዋህ ሲሆን ይበልጥ ያስቃል» ብላ በትሕትና አስረዳችኝ። አዳራሽዎ ለሰው የዋህነት ያገኘለትን ጥቅም በሌላ ቦታ አላየሁም።

መርማሪው አባቴን እጁን ይዘው ወደ መድረክ ወሰዱት። አባቴ እዚያ እንደ ቆመ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። እጅህን አንሣ ያለው ሰው አልነበረም። ሰዉ ይህን ሲያይ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ፤ ሽማግሌው ጨዋታው ገብቶታል አለ። እኔ ግን ያን ሥርዓት የት እንደ ተማረው ስለማውቅ ሳቁን ልካፈል አልቻልኩም፤ ጨዋታ በማበላሸቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የለበሰውን ኮት የሰፋሁለት እኔ ነኝ። የመርማሪው እጅ በዚያ ኮት ኪስ ገብቶ፣ ራሱ ይዞ የገባውን ሐብል ይዞ ሲወጣ አየሁ። የመድረክ መሪውም «ሌባው እኒህ ናቸው የምትሉ እጅ አውጡ» አሉ፤ አዳራሹ በሙሉ፣ ገሚሱ ከነሹካው፣ እጁን አወጣ።

በዚህ ጊዜ ወንድሜ ተነሣ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «አልወሰደም» አለ። የመድረክ መሪው ተደስተው «ጠበቃ አገኘን» እያሉ ማይክሮፎኑን አቀበሉት። ወንድሜ ማይክሮፎን ይዞ አያውቅም፤ እንደ መኪና መሪ በሁለት እጁ ጨበጠው። «አባቴ የማንንም ነገር አልወሰደም። ያኔም አልወሰደም። አውቅ ነበር። ሰው ሲስቅብኝ አፍሬ ነው እንጂ አውቅ ነበር። አባዬ፣ ይቅር በለኝ።»

ድምፅ ማጉያዎ ጥራቱ የተመሰከረለት በመሆኑ ይህ ቃል እስከ ወጥ ቤት ተሰማ፤ አንዲት ምግብ አብሳይ እጇን በሽርጧ እየጠረገች እስከ በሩ ወጥታ አየች። አባቴ ቀስ ብሎ እጆቹን አወረደ። ወደ ወንድሜ ዞሮ «ና ተቀመጥ፤ ዓሣህ ቀዘቀዘ» አለው። ከመድረኩ ሲወርድ ወንድሜ ሄዶ ደገፈው፤ እስከ ጠረጴዛው ድረስም አልለቀቀውም።

እንግዳው ቆሞ አጨበጨበ፤ ከበሮው ተመታ፤ ወንድሜም «የዕለቱ ምርጥ ተዋናይ» ተብሎ ተሸለመ። ልፋቱ ዋጋ በማግኘቱ ቤተሰባችን ኮርቷል። ያን ትርኢት ለማዘጋጀት የዕድሜውን ግማሽ ነበር የፈጀው።

አራተኛ፦ ስለ ፎቶግራፉ። ወደዚህ ደብዳቤ ያመጣኝ በእውነቱ ይህ ነው። ፎቶ አንሺዎ አባቴን እጁን እንዳነሣ ፎቶ አንሥተውት ኖሮ፣ ፎቶው ጎላ ተደርጎ ታትሞ በመግቢያው መስተዋት ላይ «የወሩ ሌባ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ተለጥፏል። እንዲነሣ በአክብሮት ብንለምን፣ ሠራተኛዎ እንግዳ እንደሚወደው ነግረው መልሰውናል። ባለፈው ሳምንት አብሮት ፋብሪካ ይሠራ የነበረ አንድ ሰው አባቴን መንገድ ላይ አግኝቶ፣ «ፎቶህን አየሁት፤ አሁንም አልተውክም?» ብሎ ቀለደበት። አባቴ አብሮት ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወደ ፀጉር ቆራጩ ሲሄድ በእርስዎ በኩል ማለፍ ትቶ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቱ የዳገቱን መንገድ ይዞራል። ለምን ብዬ ስጠይቀው ሐኪም እንቅስቃሴ አዞኛል አለኝ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ አያውቅም።

ስለዚህ ፎቶግራፉ እንዲወርድ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። መስተዋቱ ባዶ መሆን የለበትም የሚሉ ከሆነ፣ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ በዚያው መጠን ባለው ፊደል «ይህ ሰው የማንንም ነገር አልወሰደም» በሚል ቢተካ አንቃወምም። እንግዳ ላይስቅ እንደሚችል አውቃለሁ። ለዚህ ጉዳት መካሻ እሳት ተፊው ሁለት ጊዜ ቢተፋ የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ።

በሐሳብ እንዳይጨነቁ፣ ቤተሰቡ ደኅና ነው። ወንድሜ አሁን በየእሑዱ መኪናውን ከሰፈሩ መግቢያ አቁሞ ይመጣል። ከአባቴ ጋር ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይባባሉም። ሙዚቃ ልክፈትላችሁ ወይ ብላቸው ሁለቱም በአንድ ጊዜ እጃቸውን አወናጨፉብኝ።

ለሰጡን መስተንግዶ፣ ላጎደሉትም ላተረፉትም፣ አክብሮቴ ከደጃፍዎ እስከ መድረክዎ የተነጠፈ ሆኖ ይቆይዎት።

አክባሪዎ፣
በመስተዋትዎ ላይ የተለጠፈው ሰው ልጅ

ማስታወሻ፦ በዚህ ሁሉ ደብዳቤ ስለ ምግባችሁ አንድም ቃል አለመተንፈሴን ሳይታዘቡ አይቀሩም። ረስቼ አይደለም፤ እናቴ ሙት ወቃሽ እንዳልሆን አድርጋ ስላሳደገችኝ ነው።