ሰዓት የሌለው ግጥሚያ እንዲፈቀድልን

ማናውስ፣ ኦገስት 19 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ለወንዝ ዳር ጁ-ጂትሱ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት
ለክቡር አቶ ኦታሲሊዮ ብራንዳው

ጉዳዩ፦ የቡናማ ቀበቶ ሴቶች ፍጻሜ ያለ ሰዓት ገደብ እንዲደገም ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ኔውዛ ፓንቶዣ፣ በከተማችን ዓሣ ገበያ ታምባኪ የሚባለውን ትልቅ የወንዝ ዓሣ እየበለትኩ የምተዳደር፣ ከጀማሪነቴ አንሥቶ በፌዴሬሽናችሁ ሥር የምታገል ስሆን፣ አቤቱታዬን ከዚህ በታች በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

1. ባለፈው ወር በተደረገው ፍጻሜ ከሉዚኔት ታቫሬስ ጋር ገጥሜአለሁ። ደንባችሁ ለቡናማ ቀበቶ ስምንት ደቂቃ ይሰጣል። ገና ስንያያዝ ጣቷ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ እኔም በግንባሬ አፍንጫዋን አገኘሁት። ሆን ብዬ አለመሆኑን ዳኛው አምኖልኛል። ነጭ ልብሷ ደረቱ ላይ በደም ራሰ፤ አፍንጫዋን በጥጥ ወትፈውላት ቀጠልን። ከንፈሬ በጉልበቷ ተተርትሮ ደሜን እየዋጥሁ ነበር የምታገለው። በነጥብ እኩል ነበርን።

2. ግጥሚያው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቀኝ ክንዷን በእግሮቼ መሀል አጥብቄ ዘረጋሁት። ክቡርነትዎ በወጣትነትዎ ታግለዋልና ያውቁታል፣ ክርን ከመውለቁ በፊት የሚሰጠው ድምፅ አለ። ሰማሁት። ሉዚኔት ግን ምንጣፉን መታ መታ አድርጋ እጅ መስጠት ሲገባት፣ ጥርሷን ነክሳ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ትንሽ ብጨምር ያልቅ ነበር።

3. በዚህ መሀል ከጀርባዬ «ሰዓት!» የሚል ጩኸት መጣ። ለቀቅኋት። እሷ ግን ትግሉን አላቆመችም። ጀርባዬ ላይ ወጥታ በገዛ ኮሌታዬ አንገቴን አነቀችኝ። ምላሴን ነክሼ ራሴን ሳትሁ።

የጮኸው ሰው ሌላ ማንም ሳይሆን ባለቤቴ አልዴኖር ነው። በልምምድ አዳራሻችን ሰዓት የሚይዘው እሱ ነው። እሱ «ሰዓት!» ካለ የታነቀም ያነቀም ይለቃል፤ ይህ የአዳራሻችን ሕግ ነው። እጄ ከተጋባን ጀምሮ ይህንን ድምፅ ሲታዘዝ ኖሯል። የዚያን ዕለት ግን ወደ ሰዓት መዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ዞሮ ምን ያህል ሰዓት እንደቀረ ሊጠይቅ ሲል፣ ከጭንቀቱ የተነሣ ከአፉ የወጣችው ያቺው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

ስነቃ ላዬ ላይ ያጎነበሰውን ሰው ማንነት ሳላጣራ በቡጢ መታሁት። አልዴኖር ነበር። የፊት ጥርሱ ወለቀ። «ይበለኝ! ግን አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እኮ ጠየቅሁ እንጂ አላቆምኩም!» አለኝ ደሙን እየተፋ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ማኘክ ስላቃተው ግን ሾርባ እየሠራሁለት ነው።

4. በማግስቱ ቢሮዎ ቀርቤ ነበር። ጸሐፊዎ «እመቤት፣ ደወሉ ካልተደወለ ሰዓት አላለቀም። ባልሽን እቤትሽ ሄደሽ ተቆጪው» ብለው አሰናበቱኝ። በደንቡ ትክክል ናቸው። እኔ ግን በሩን አላትሜ ወጣሁ፤ ለበሩ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

5. ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ መያዝ አልቻልሁም። ልምምድ ላይ ክንድ ልዘረጋ ስል ማንም ሳይጮህ እጄ በራሱ ይለቃል። ገበያ ውስጥ አንድ መንገደኛ ጎረቤቴን ሰዓት ቢጠይቃት፣ የያዝሁት ቢላዋ ወድቆ እግሬን ሊቆርጠኝ ነበር። ክቡር ሆይ፣ እኔ ሌላ ሙያ የለኝም። ምንጣፍ ላይም ገበያም የምኖረው በመያዝ ነው። እፈራለሁ።

6. ከሳምንት በኋላ ሉዚኔት ክንዷን በፋሻ አንጠልጥላ ገበያ መጣችና በደንበኞቼ ፊት ቆመችብኝ።

«ማን ልቀቂኝ አለሽ?»

«ባሌ» አልኳት።

«ባልሽ በእኔ ምን አገባው? ሰፈር ውስጥ በሰው ባል የዳነችው እያሉ መሳቂያ አደረጉኝ። ሜዳልያውን ሳየው ያቅለሸልሸኛል። ክንዴን ብትሰብሪው ይሻለኝ ነበር!»

«አይዞሽ፣ እሰብረዋለሁ።»

«አንቺም አንቄ ያስተኛሁሽ እንቅልፍ አምሮሻል መሰለኝ።»

በዚሁ ተስማማን። ዓሣ ገዝታ ስትሄድ የጎኑን ሥጋ ጨምሬ መረቅሁላት።

7. ስለዚህ የምንጠይቀው ሰዓት፣ ነጥብና ደወል የሌለው አንድ ግጥሚያ ነው፤ አንዳችን እጅ እስክትሰጥ ወይም ራሷን እስክትስት። ሜዳልያው እሷው ዘንድ ይቆይ፣ አልፈልገውም። እኔ የምፈልገው ያንን ክንድ እንደገና ይዤ፣ ልቀቂ የሚለኝ ሳይኖር፣ እጄ ይጸና እንደሆነ ማወቅ ነው። ጸሐፊዎ የሰዓት ገደብ የተሠራው ሰው እንዳይሞት ነው ብለውኛል። እውነት ነው። እኛ ግን በገደቡ ውስጥ ሆነንም ይኸው የተረፍነው ለጥቂት ነው።

8. ፈቃዱ ቢከለከል፣ ሐኪሙ ፋሻዋን በፈታላት በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሻችን በሩን ቆልፈን እንገጥማለን። አልዴኖር ውጭ ይቆያል። ለዚያ ፈቃድ አልጠይቅም። የምለምንዎት አንድ ዳኛ እንዲልኩልን ብቻ ነው። እኔ እጅ አልሰጥም፤ እሷም እንደማትሰጥ አይቻለሁ። አንዳችን ራሷን ስትስት አይቶ የሌላዋን ጣቶች በጉልበት የሚፈለቅቅ ሰው ያስፈልገናል።

ፋሻው ሳይፈታ መልስዎ እንደሚደርሰን ተስፋ በማድረግ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ኔውዛ ፓንቶዣ (ፊርማ)

በጥያቄው ተስማምቻለሁ፦ ሉዚኔት ታቫሬስ (በግራ እጅ የተፈረመ)